በትንፋሽ የሚለካው አስማት

ያን ቅዳሜ ቀለም ቀቢው እግሩ አልቆም አለው። ጋራዡ ውስጥ አንዲት የቤት መኪና በሯ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ መስታወቷ በጋዜጣና በፕላስተር ተሸፍኖ የእሱን እጅ ብቻ ትጠብቃለች። እሱ ግን የቀለም መርጫውን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ ኮምፕሬሰሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ደጅ ይወጣና ምንም የሚያየው ነገር ሳይኖር ሰማዩን አይቶ ይመለሳል።

አለቃው በቢሮው መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?” አለው።

“ቀለሙ እስኪዋሃድ ብዬ ነው።”

“ቀለሙማ ከተዋሃደ ቆየ። ያልተዋሃድከው አንተ ነህ።”

ሠራተኞቹ ሳቁ። ቀቢውም ለይስሙላ ፈገግ አለና በአፍና በአፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ሥራው ውስጥ ገባ። አንድ ዙር ረጭቶ ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ደረቱን አንድ ነገር ጭምቅ አደረገው። መርጫውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያየው ሰው ቢኖር ዓይኑን የሚያሳርፍ ይመስለው ነበር። እሱ ግን ትንፋሹን እየለመነ ነበር።

ይህን ነገር ለማንም አልነገረም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ዳገት ሲወጣ መሀል ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር የሚያስር ይመስላል፤ ጫማው ግን ክር የለውም። ጠዋት ጠዋት ሳሉ እንዳይሰማበት ቧንቧ ከፍቶ ነው የሚስለው። ሐኪም ዘንድ አልሄደም፤ ለእናቱ አልተነፈሰም፤ ለእህቱም ደብቋል። ቢናገር የሚከተለውን ያውቀዋላ! ከእሱ በፊት የነበረው ቀቢ ሳል ሲበዛበት አለቃው በአዘኔታ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መርጫውን ተቀበለውና በር ጠባቂ አደረገው። ሰውየው እስካሁን እዚያው በሩ ሥር፣ የተቀደደች ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚገባው መኪና ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። ቀቢው በገባ በወጣ ቁጥር ያችን ወንበር ላለማየት ዓይኑን ያሸሻል። እሱ የተጋጨን በር ቀብቶ ሲያስረክብ ባለመኪናው ራሱ የትኛው በር እንደተጋጨ ይጠፋዋል። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገርም የለውም፤ ከጨዋታው በቀር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታናሽ እህቱ መጋረጃ መስፊያ ቤት ይዘጋል። መጋረጃ ቤቱ የእናታቸው ቤት የፊት ክፍል ሲሆን፣ ቀቢው ራሱ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራል። የመቁረጫው ጠረጴዛ ይጠረግና ጥቁር ገበር ጨርቅ ይነጠፍበታል። እህቱ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጨርቁ ላይ ዋሻ ትሥላለች፣ ግንብ ትሥላለች፣ ድልድይ ትሥላለች። ተራኪዋ እሷ ናት። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ፣ ጨርቁ ላይ የልብስ ቁልፍ የሚወክለው የየራሳቸው ሰው አላቸው፤ “በሩን እሰብራለሁ” ይላሉ፣ “በገመድ እወርዳለሁ” ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ተጥሎ ይለያል፤ የሆነውን ደግሞ እሷ ትተርካለች። የቀቢው የልጅነት ጓደኛ ባለታክሲው ተዋጊ ነው። ቀቢው አስማተኛ ነው።

የጨዋታው መጽሐፍ መጀመሪያ እጃቸው የገባው ፎቶ ኮፒ ሆኖ ነበር። ከስንት ሰው እጅ ዞሮ እንደደረሳቸው እንጃ፤ ስለ ሰይፍ የሚናገረው ገጽ አለ፣ ስለ ፈረስ የሚናገረው አለ፣ ስለ አስማት የሚናገረው ምዕራፍ ግን ወልቆ ጠፍቷል።

“አስማት አለ ይላል፤ እንዴት እንደሆነ አይልም” አለች እህቱ ያን ጊዜ፣ ወረቀቱን እያገላበጠች።

“እኛው እናውጣለታ” አለ ቀቢው። “ብቻ አስማት በነፃ አይሁን። ሰውነታችን ይክፈልበት።”

የቤቱ ሕግ በዚህ ተወለደ። ከእጁ እሳት የሚተፋ አስማተኛ እሳቱ ሥራውን እስኪጨርስ ዓይኑን መጨፈን አይችልም፤ ከተርገበገበ እሳቱ ጠፋ። ቋጥኝ በአየር ላይ የሚያንሳፍፍ የልብስ ካውያውን በተዘረጋ እጁ ይዞ ይቆማል፤ ክንዱ ሲወርድ ቋጥኙም ይወርዳል። ቁስል የሚፈውስ የራሱን ሻይ ለቁስለኛው አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚህ የተነሣ ባለታክሲው ሻይ ሲቀርብ መቁሰል ይወዳል። ከሁሉም የከበደው ግን መሰወር ነበር። የተሰወረ ሰው ተሰውሮ የሚቆየው ትንፋሹን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው። ተራኪዋ በለመደችው ፍጥነት መንገዱን ትተርክለታለች፤ ባለታክሲው ከመጋረጃ ዘርፍ የተመዘዘች ቀጭን ክር በአስማተኛው አፍንጫ ሥር ያንጠለጥላል። ክሯ ከተንቀሳቀሰች አስማቱ ፈረሰ፤ ጠላትም አየው።

ሕጉ በቀቢው ልክ የተሰፋ ነበር። ልጅ ሳለ ከሰፈሩ ድልድይ ሥር ወንዝ ውስጥ ይጠልቅና ዳር ያሉት ልጆች “ሞተ!” ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ ነበር ብቅ የሚለው። “ዓሣው” የሚለው ቅጽል ስም ያን ጊዜ ወጣለት። በጨዋታውም ዘበኛ የሞላበትን ግቢ ተሰውሮ ሲያቋርጥ ጉንጩ አይነፋ፣ ፊቱ አይቀላ፤ እንዲያውም መሀል ላይ ባለታክሲውን በዓይኑ ይጠቅሰው ነበር። ቀን ከመኪና ሥር የሚያጎነብስ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም የማይደርስበት ሰው ይሆናል።

አሁን ዓሣውን ውኃው ሸሽቶታል። ቢሆንም እስካሁን አልተነቃበትም። በየቅዳሜው እንደምንም፣ ሊፈነዳ ሲል፣ ከተባለው በር ይደርሳል። እንዴት እንደሚደርስ ለራሱም ይገርመዋል።

ነገሩን ያባሰው የባለታክሲው አማች ነው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በየሠርጉና በየምርቃቱ ጥሩምባ የሚነፋ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ጎልማሳ። ባለፈው ቅዳሜ ከባለታክሲው ጋር መጣና ሁለተኛ አስማተኛ ሆኖ ተቀመጠ። የቤቱን ሕግ ሲነግሩት ግራ እየገባው ስልኩን አወጣ።

“እኔ እኮ መጽሐፉ ሙሉው አለኝ። የአስማቱም ምዕራፍ አለ። ትንፋሽ ምናምን የሚል የለበትም። አስማተኛው የተወሰነ ኃይል ይሰጠዋል፤ ሲጠቀምበት ይቀንሳል፣ ተኝቶ ሲነሣ ይሞላል። በቃ።”

“ተኝቶ ሲነሣ ይሞላል?” አለ ባለታክሲው። “አማቼ፣ ይሄማ የስልክ ባትሪ ነው እንጂ አስማት ነው?”

“ኧረ እኔ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው…” ነፊው አንገቱን አከከ። “ለጋሼም ይቀላቸዋል ብዬ ነው።”

ለጋሼም ይቀላቸዋል! ቀቢው ይህን ሲሰማ ጆሮው ጋለ። ምን አይቶ ነው? ምን ሰምቶ ነው? እህቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ነፊውን አየችና፣ “በሚቀጥለው ቅዳሜ እጅ እናወጣለን” አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ቀቢው ሲያነሣና ሲጥል ሰነበተ። የመጽሐፉ ሕግ ቢገባ ለእሱ መዳኛ ነው፤ ዳይስ ይጥላል፣ ኃይሉ ይቀነሳል፣ ማንም አፍንጫው ሥር ክር ይዞ አይቆምም። ግን እሱ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲጥል “ምነው?” የሚል ይመጣል፤ “ምነው?” ከተባለ ደግሞ ሳሉ ይመጣል፣ ክረምቱ ይመጣል፣ ያች የተቀደደች ወንበር ትመጣለች። ሕጉ ቢጸናም አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ያጋልጠዋል። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ትንፋሹን ይይዛል፤ ወዲያው ይለቀዋል። ይነሣል። ክፍሏን ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል። ደግሞ ይሞክራል። በሞከረ ቁጥር ያጥራል እንጂ አይረዝምም።

ያን ቅዳሜ የበሩን ቀለም አንድ ዙር ብቻ ረጭቶ፣ “ሁለተኛው ሰኞ ይሁን” ብሎ ሲወጣ ባለታክሲው ጋራዡ ደጅ ቆሞ የታክሲውን ጥሩምባ ያንባርቃል።

“ግባ ዓሣዬ! ዛሬ ጦርነት ነው።” መኪናዋን እያስነሣ፣ “ስማኝ፣ አማቼ ቢሆንም በዚህ አልታገሠውም” አለ። “ሕጋችንን አናስነካም። ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። ሚስቴ ‘ለምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?’ ብላ አሾፈችብኝ።”

“ይሄን ያህል እንኳ…”

“እንዴት ይሄን ያህል? ያ ሕግ እኮ አንተ ነህ!”

ቀቢው የመቀመጫውን ቀበቶ ሲያስር ሲፈታ፣ ሲያስር ሲፈታ ደረሱ።

ነፊው ቀድሟቸው መጥቶ ከእናትየው ጋር ሲጨዋወት አገኙት። እህቱ የተጣጠፉትን መጋረጃዎች ወደ መደርደሪያው ከምራ ጥቁሩን ገበር ዘርግታለች። ጠመኔው ጆሮዋ ላይ ነው።

“ሰላም ዋላችሁ የኔ ልጆች” አሉ እናትየው። “ዛሬ ደግሞ ማንን ልትገድሉ ነው?”

“ዛሬ የሚገደለው ሕጋችን ነው እማማ” አለ ባለታክሲው። “እኔ ግን ሳልሞት አይሆንም!”

“ሚስትህ ይሄን ያህል ብትሟገትላት ምን ነበረበት” አሉና እየሳቁ ወደ ውስጥ ገቡ።

ባለታክሲው ቆሞ ንግግሩን ጀመረ። ሕጉ ከስንት ጭራቅ እንዳወጣቸው፣ ካውያውን ተሸክሞ ክንዱ ለሳምንት እንደታመመ፣ ይህ ሁሉ ላብ በስልክ ባትሪ እንደማይለወጥ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ከዚያም ወደ ቀቢው ዞሮ፣ “አንተም በል እንጂ!” አለ።

ቀቢው ጠረጴዛው ላይ ያገኛትን ብጣሽ ጨርቅ በጣቱ እየጠቀለለ፣ “መጽሐፉ እንደሚለው ቢሆንስ… ምን አለበት?” አለ።

ባለታክሲው የዘረጋውን እጁን አወረደ።

“ምን አልክ?” አለ ባለታክሲው።

“እንግዳችንም… ማለቴ፣ ላይለምደው ይችላል ብዬ…”

“አንተ! ከአማቼ ጋር ተማክራችኋል?”

“ኧረ በፍጹም!” አለ ነፊው ደንግጦ።

እህቱ ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው። እሱ ብጣሹን ጨርቅ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። “ቀልዴን ነው” አለ በመጨረሻ። ማንም አልሳቀም።

“መጀመሪያ እንጫወት” አለች እህቱ ጠመኔውን ከጆሮዋ እያወረደች። “እጅ የምናወጣው ከጨዋታው በኋላ ነው።”

ባለፈው ሳምንት ተዋጊው በጠላት እጅ ወድቆ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ጉድጓዱ ያለው ከጠባቂዎቹ አዳራሽ በስተጀርባ ነው። ክዳኑ ከባድ ድንጋይ ስለሆነ ሁለቱም አስማተኞች ሊያነሡት ይገባል፤ ስለዚህ ሁለቱም በየተራ ተሰውረው አዳራሹን ማለፍ አለባቸው። እህቱ አዳራሹን ሣለች፤ ከወዲህ አንድ በር፣ ከወዲያ አንድ በር፣ መሀሉን በጠባቂ ሞላችው።

“ወንድምጋሼ፣ አንተ ትቀድማለህ።”

ባለታክሲው ክሯን አንጠለጠለ። ቀቢው አፉን ገጠመ።

“ገባህ” አለች እህቱ። “ጠባቂዎቹ በግራም በቀኝም ናቸው። አላዩህም። መሀል ደረስክ። አለፍካቸው፤ በሩ ይኸው።”

ትንፋሹ ፍንድት ብሎ ወጣ። ባለታክሲው ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ፣ “ዓሣው! አላልኳችሁም? ዓሣው!” ብሎ ጮኸ። ቀቢው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ለመሳቅ ሞከረ። አልፏል። ዛሬም አልፏል።

ቀጥሎ የነፊው ተራ ሆነ። ክሯ ወደ እሱ አፍንጫ ዞረች። እህቱ በዚያው አዳራሽ ላይ ጠመኔዋን አኖረች።

“ገባህ። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ችቦ ተሰክቷል፤ ጭሱ ዓይንህን ይቆጠቁጥሃል። በግራህ ያለው ጠባቂ ጦሩን ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ቀስ ብለህ ታልፈዋለህ። በቀኝህ ያለው ጫማውን አውልቆ የእግሩን ጣት ያካል፤ ቀና ብሎ አንተ ወዳለህበት ያይና ምንም የለም ብሎ ወደ እከኩ ይመለሳል። ከፊትህ ሁለቱ ጠጠር ይጫወታሉ። አንደኛው ተሸንፎ ይሳደባል…”

“ቆይ ቆይ ቆይ!” አለ ባለታክሲው። “ይሄ አዳራሽ ላስቲክ ነው እንዴ? ለዓሣው እጥር፣ ለአማቼ ልጥጥ!”

ነፊው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ክሯ ከባለታክሲው ጣት ላይ በረረች። “ኧረ ልደርስ ነበር እኮ!” አለ እየሳቀ።

የሳቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የእህቱ ጠመኔ ጨርቁ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ያህል ጊዜ በመሰወር የሚያልፍ አስማተኛ አንድ ብቻ ስለነበር አንዱ መንገድ ሁለት ጊዜ ተተርኮ አያውቅም። ዛሬ ተተረከ።

“እንግዳ ስለሆነ… በደንብ እንዲያየው ብዬ ነው” አለች።

ቀቢው አዳራሹን አየ። ከዚያ የባለፉት ሳምንታት መንገዶች ባንድ ጊዜ ትዝ አሉት። ውሾች ያሉበት የአትክልት ቦታ ነበር፤ ውሾቹ ገና ስማቸው ሲነሣ ተኝተው ነበር። ያ ረጅም ድልድይ፣ በአንዲት ቃል፣ “ተሻገርክ።” ከዚያ በፊት የነበረው ግንብ ደረጃው ስለተሰበረ መንገዱ አጥሯል ተብሎ ነበር። ለካ እሱ እየደረሰ አልነበረም። በሩ ነበር ወደ እሱ የሚመጣው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለ።

“ምኑ?”

“መንገዱን ማሳጠሩ።”

ባለታክሲው አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቋል።

“ለእኔም እንደ እሱ ተርኪልኝ” አለ ቀቢው።

“አልፈሃል እኮ። አልቋል።”

“አላለፍኩም። አሳለፍሽኝ።”

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አይቆጡ…” አለ ነፊው።

“አንተ ምንም አላጠፋህም።” ቀቢው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። “ክሯን ያዝ” አለው ባለታክሲውን። “ከበሩ ጀምሪ።”

“ወንድምጋሼ፣ ይቅር…”

“ጀምሪ አልኩ!”

ባለታክሲው ሌላ ክር መዘዘ። ቀቢው ዓይኑን በእህቱ ላይ ተክሎ አፉን ገጠመ። እሷም ጀመረች፤ አላሳጠረችም። ችቦው፣ ጭሱ፣ ፍርፋሪው። ቀቢው የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨመቀ። ሁለተኛው ጠባቂ ጫማውን አወለቀ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤ እግሩ ከሥር ይመታል፤ የክፍሉ ብርሃን ጠርዝ ጠርዙ ይጠቁራል። ጠባቂው ጣቱን እያከከ ቀና ሲል ክሯ ተንቀሳቀሰች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳል የትኛውም ቧንቧ ባልሸፈነው። ጎንበስ ብሎ ሳለ፤ ቀና ሊል ሲል መልሶ ያጎነብሰዋል። ባለታክሲው ጀርባውን ይደበድባል፤ ነፊው፣ “አይምቷቸው! ተዉአቸው፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ!” እያለ ይጮኻል። እናትየው ከውስጥ በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ።

“ልጄን! ምን ሆነብኝ?”

ውኃ መጣ። ትንሽ ጠጣ። ሳሉ ቀስ እያለ ተወው። እናትየው ብርጭቆውን እንደያዙ ፊቱን መረመሩ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?”

“ካለፈው ክረምት” አለች እህቱ በቀስታ።

እናትየው ወደ እሷ ዞሩ። “አንቺ ታውቂ ነበር?”

“እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው።”

“እየጠበቅሽ?”

“እየጠበቅኩ… መንገዱን አሳጥርለት ነበር።” እንባዋ መጣ። “እዚህም ከተሸነፈ መምጣቱን ይተዋል ብዬ ፈራሁ። ከጋራዥ ሲመለስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አናየውም።”

“ጎሽ!” አሉ እናትየው። “አንዱ ይደብቃል፣ አንዷ ታስደብቃለች። እኔ እዚህ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ ‘ልጆቼ ተስማምተው ይጫወታሉ’ እላለሁ!” ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ውኃው ጨርቁ ላይ ተረጨ፤ ከጠባቂዎቹ ሁለቱ ሟሙ።

ነፊው ጉሮሮውን ጠረገ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። እኔ ሥራዬ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲተነፍስ ሳላስበው ነው የማዳምጠው። ባለፈው ቅዳሜ ሰማሁትና ከበደኝ። ሕጉ ቢቀየር ይቀልዎታል ያልኩት ለዚያ ነው። እንዴት እንደምናገረው ጠፋኝ።”

ቀቢው ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ፤ እጀታውን ያዘ፤ አልከፈተውም። ተመለሰና ተቀመጠ። ሁሉም ያውቃሉ። ከክረምቱ ወዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ያሰረው ክር የሌለው ጫማ፣ ያ ሁሉ የፈሰሰ የቧንቧ ውኃ በከንቱ ቀረ።

“ሰኞ በጠዋት እመጣለሁ” አለ ባለታክሲው፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። “ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። ቢጮህም አስሬ እወስደዋለሁ እማማ።”

“ሰኞ የበሩ ሁለተኛ ዙር አለብኝ” አለ ቀቢው።

“የምን በር?”

“የመኪና በር። አንድ ዙር ብቻ ነው የረጨሁት። እንዲህ ሆኖ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ቀለሙ…”

“በሩን ተወው!” አሉ እናትየው። ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ሲል ማንም ሰምቶ አያውቅም ነበር።

እህቱ ዓይኗን በገበሩ ጫፍ ጠረገች፤ ጠመኔው ፊቷ ላይ ነጭ መስመር ተወባት። “እሺ፣ ሕጉስ?” አለች። “የመጽሐፉ ይሁን? እጅ ላስወጣ?”

“ይቆይ” አለ ቀቢው።

“የትኛው?”

“የእኛው ሕግ ይቆይ። ክሯ ተንቀሳቅሳለች። አስማተኛው ተይዟል።”

“ሌላ ሰው ልሥራልህ? መርከበኛ፣ አዳኝ…”

“አልፈልግም። እዚያው ይታሰር፤ ሐኪሙ የሚለውን እስክንሰማ።”

ባለታክሲው ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለም። “ኧረ በእግዜር! እኔ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንተ እስር ቤት። የሚያስፈታን አማቼ ብቻ ነው ማለት ነው? በቃ አለቅን! ገና ጥሩምባውን እስኪወለውል በስብሰን እናልቃለን።”

ነፊው ሳቀ፤ እናትየውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ባለታክሲው ሞቅ አለው። “አንተ እንኳ ትንሽ ይሻልሃል፤ እጅህ ሥራ አይፈታም። የእስር ቤቱን ግድግዳ ትቀባዋለህ!”

“አይቀባም” አለች እህቱ።

ባለታክሲውን አላየችውም። የምታየው ወንድሟን ነው።

“ቀለም አይነካም። መርጫ አይዝም። ከዛሬ ጀምሮ ይሄም የቤቱ ሕግ ነው።”

ቀቢው አፉን ከፈተ። የቀኝ እጁ ጣት ጠረጴዛው ላይ፣ ሳያውቀው፣ መርጫ እንደያዘ ሁሉ ይታጠፋል ይዘረጋል። በጋዜጣ የተሸፈነችውን መኪና አሰበ። አለቃው ትከሻውን ሲመታው አሰበ። ከዚያም ወዲያ በሩ ሥር ያለውን ሰውዬ፣ ሰላምታውን፣ ወንበሩን። ሆኖም ያ ሰውዬ እስካሁን አለ። ይተነፍሳል።

“እስከ መቼ?” አለ።

“እኔ እንጃ።”

“አለቃው ምን ይለኛል?”

“የፈለገውን ይበል። አብሬህ እሄዳለሁ።”

እግሩ ከጠረጴዛው ሥር መርገጡን አላቆመም። እናቱ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ፤ ያም ሆኖ አልቆመም፤ እጃቸው አብሮ ይነቀነቃል። “እሺ” አለ። ማንም እንዳልሰማው ስላወቀ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “እሺ አልኩ እኮ!” አለ።

እህቱ ጎንበስ ብላ በአዳራሹ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ሣለች። ባለ አንድ በር፣ ባለ አንዲት ትንሽ መስኮት። አስማተኛውን የምትወክለውን ቁልፍ ከጠባቂዎቹ መሀል አንሥታ እዚያ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ቀቢው ክፍሏን አየት አደረገ። “መስኮቱን ሰፋ አድርጊው” አለ።

በአውራ ጣቷ አጠፋችውና አስፍታ ሣለችው።